ለደም ዝውውር የቱ ይሻላል? ከመርካቶ ተልባ እስከ ፋርማሲ ካፕሱል

ስታዲየም አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ ትንሽ ቆም ብትሉ ይህን ጥያቄ መስማታችሁ አይቀርም፦ «ዶክተር፣ ለደም ዝውውር የሚሆን ነገር አለ?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ ዕድሜው ገፋ ያለ ነው። ካልሆነም ለእናቱ የሚገዛ ልጅ ነው። ሁለት ሦስት ዕቃ ከመደርደሪያ ይወርዳል። ዋጋ ይጠየቃል፣ ዋጋ ይነገራል። «ለመሆኑ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» የሚል ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

ምርጫው የሚጀምረው ግን ከዚያ ጥያቄ ነው። ለአንዱ የሚጠቅመው ለሌላው ፋይዳ ላይኖረው ይችላል። እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርትን ፋርማሲ ከሚሸጠው የጊንኮ ካፕሱል ጋር ከማወዳደራችን በፊት ችግሩን እንለይ።

መጀመሪያ ችግራችሁ የቱ ነው?

ከለገሃር ተነስታችሁ ቸርችልን ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስትወጡ ባታችሁን ጨምድዶ ይይዛችኋል? ቆም ስትሉስ በጥቂት ደቂቃ ይለቃችኋል? እንግዲያው ወደ እግር የሚወርደው የደም ቧንቧ ጠቦ ሊሆን ይችላል። በተለይ የምታጨሱ፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለባችሁ ከሆነ ነገሩን አትናቁት። እግር ላይ የጠበበ ቧንቧ ልብ ላይም ሊጠብ ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ውላችሁ ማታ ላይ ቁርጭምጭሚታችሁ የሚያብጥ፣ የእግራችሁ የደም ሥር ተጠማዞ ወጣ ብሎ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ችግሩ መውረጃው ላይ ሳይሆን መመለሻው ላይ ነው። ደምን ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች ላልተዋል። ፀጉር ቤት የሚሠሩ፣ አስተማሪዎችና ጥበቃዎች ይህን በደንብ ያውቁታል።

መደንዘዝ፣ ማቃጠል፣ መርፌ መርፌ ማለት ሌላ ነው። ብዙ ሰው «ደሜ አልዘዋወር አለኝ» የሚለው ይህን ይዞ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የነርቭ ጉዳይ ነው። ስኳር ነርቭን ይጎዳል፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እንዲሁ። ለስኳር የሚታዘዘውን ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የማይቀምስም እንደዚያው። በደም ምርመራ ይታወቃል። እጥረቱ ከተገኘ ቢ12 ራሱን መውሰድ ከየትኛውም ቅጠልና ሥር ይበልጣል።

ሐምሌ ላይ ጠዋት ጠዋት እጄ ይቀዘቅዛል የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። ሌላ ምልክት ከሌለ ጓንት ይበቃል።

የመጨረሻዎቹ ምንም የማይሰማቸው፣ ግፊታቸውን ሲለኩ ግን ላይኛው ቁጥር 140 ወይም 150 የሚላቸው ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር አብዛኛው የሚጠቅመው እነሱን ነው። ምክንያቱም በጥሩ ሁኔታ የተጠኑት የጓዳ ነገሮች በአብዛኛው የተፈተኑት በግፊት ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ከምርጫ ውጭ ነው። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ፣ ወይም ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ጎን ከከዳ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ ዝንጅብል አታፍሉ። ታክሲ ጥሩና ሆስፒታል ሂዱ።

ተልባ፣ የተናቀው

ከሁሉም አስቀድሜ ተልባን የማነሳው ለአገር ምርት አድልቼ አይደለም። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የእግር ደም ቧንቧቸው በጠበበ ሰዎች ላይ በወጉ ከተፈተኑት ጥቂቶች አንዱ ስለሆነ ነው። ካናዳ ውስጥ 110 እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ዳቦና መሰል ምግብ ውስጥ ተጋግሮ ተሰጣቸው። ሌሎቹ ተልባ የሌለበትን በሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። ከ6 ወር በኋላ የተልባዎቹ ላይኛው የግፊት ቁጥር ከሌሎቹ በ10 ያህል፣ ታችኛው በ7 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለምግብ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። መድኃኒታቸውን ግን አላቋረጡም፤ ተልባው የተጨመረው በመድኃኒቱ ላይ ነው።

30 ግራም አራት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይሆናል። በአንዴ አይጀመርም፤ ሆድ ይነፋል። በአንድ ማንኪያ ጀምሩና በሁለት ሦስት ሳምንት ከፍ አድርጉ።

መርካቶ ከእህልና ቅመም ነጋዴዎች ዘንድ ስትሄዱ ሴትየዋ የምትጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ «የተፈጨውን ነው ፍሬውን ልስጥሽ ልጄ?» «ፍሬውን» ብላችሁ መልሱ። ዝገን አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ ዘርጉት። ጥሩ ተልባ ያበራል፣ በጣት መሃል ያዳልጣል፣ አፈርና ጭድ አይበዛውም። የተፈጨው ዘይቱ አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይበላሻል። መራራ ወይም የቆየ ዘይት ዘይት ካለ አልፎበታል። ለአንድ ሳምንት የሚሆናችሁን ብቻ ለቀም አድርጋችሁ አመስ አመስ፣ ከዚያ መፍጨት። ማሳረር አያስፈልግም፤ ሽታው ወጣ ሲል ይወርዳል።

መፍጨቱን አትዝለሉት። ሙሉ ፍሬውን የዋጠ ሰው አብዛኛውን እንዳለ ያስወጣዋል። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባል የለ? እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ሁለት ጥንቃቄ አለው። ውኃ በደንብ ይጠጣበት፣ አለበለዚያ ያደርቃል። ደግሞም የሚያሟልጨው ነገር መድኃኒት በደንብ እንዳይሰርግ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ክኒን ከተልባ ቢያንስ በአንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ።

ቀይ ሥር ወይስ ከርከዴ?

ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ ሁለቱም ግፊት ያወርዳሉ፣ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

ቀይ ሥር ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለው። ምላሳችን ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ይቀይሩታል፤ ሰውነት ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያደርገዋል። ይህ የደም ቧንቧን ዘና የሚያደርግ ጋዝ ነው። ከተዘረዘሩት ሁሉ «ደም ሥር ይከፍታል» የሚባለው አባባል በትክክል የሚገባው ለእሱ ነው። ለንደን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ግፊት ያለባቸው ሰዎች በቀን 250 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ለ4 ሳምንት ጠጥተው ላይኛው ቁጥራቸው በ8 ያህል ቀነሰ። ሲያቆሙ ተመለሰ።

ታዲያ ባክቴሪያዎቹ ከሌሉ ሥራው ይቆማል። ጠዋት ማታ ጀርም ገዳይ አፍ መጉመጥመጫ የምትጠቀሙ ሰዎች የቀይ ሥሩን ጥቅም ገደል እየከተታችሁት ነው። የጾም ሰላጣችን ላይ የሚቀርበው የተቀቀለውም ያው ነው፤ ከናይትሬቱ ከፊሉ ውኃው ውስጥ ይቀራል፣ ውኃውንም እንደፋዋለን። ሳይላጥ በእንፋሎት ማብሰል ወይም ጥሬውን መጭመቅ ይሻላል። ጁስ ቤት ከገባችሁ «ያለ ስኳር» ማለትን አትርሱ። ማንጎ የተደረበበት ስፕሪስ ደግሞ ደስ ይላል እንጂ የግፊት መድኃኒት አይሆንም። በማግስቱ ሽንት ቀላ ካለ አትደንግጡ። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ግን ጠጠር የሚፈጥረው ኦክሳሌት ስለሚበዛበት ቢተወው ይሻለዋል።

ከርከዴ ይቀላል። ርካሽ ነው፣ ይቀመጣል፣ ቢሮም ይፈላል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ በ65 ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት በቀን ሦስት ኩባያ ለ6 ሳምንት የጠጡት ላይኛው ቁጥራቸው በ7 ገደማ ወርዷል። ግፊታቸው በትንሹ ከፍ ያለ ሰዎች እንጂ 180 የደረሱ አልነበሩም። ስኳር ሳይበዛ ነው። ለእርጉዝ አልመክርም። የግፊት ክኒን የምትወስዱ ደግሞ ሁለቱ ተደምረው፣ ከተቀመጣችሁበት ስትነሱ ሊያዞራችሁ ይችላል፤ በተለይ ሽንት ከሚያሸና የግፊት መድኃኒት ጋር ሐኪም ይጠየቅ።

ምረጪ ብትሉኝ፦ የስኳር በሽታ ለሌለበት፣ ጁስ መጭመቂያ ላለው ቀይ ሥር። ለሌላው ሁሉ ከርከዴ።

ነጭ ሽንኩርት፦ ጥሬው ወይስ ክኒኑ?

ነጭ ሽንኩርትን የምንወድለት አሊሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ አይገኝም። ሲፈጭ ወይም ሲከተፍ ሁለት ነገሮች ተገናኝተው ነው የሚፈጠረው። ቶሎ እሳት ላይ ከጣላችሁት አይፈጠርም። ስለዚህ ከትፋችሁ አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩት፣ ከዚያ ወደ ወጡ መጨረሻ ላይ ጨምሩት። ሙሉ ፍሬውን እንደ ክኒን የሚውጡ ሰዎች አሉ፤ ትርፉ የአፍ ሽታ ብቻ ነው።

ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ ላይኛውን ቁጥር በ8 ገደማ ያወርዳል። አብዛኞቹ ጥናቶች ግን ትንንሽ ናቸው፤ የተጠቀሙትም ክኒንና የተመጠነ ዱቄት ነው። ክኒኑ የሚበልጠው በዚህ ነው፦ መጠኑ ይታወቃል፣ ቢሮ ውስጥም ሰው አይሸሻችሁም። ጥሬው የሚበልጠው ደግሞ በዋጋ ነው። ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆድ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በማር እየበላ ራሱን ባያሰቃይ ጥሩ ነው።

ዋናው ማስጠንቀቂያ ደም እንዳይረጋ ማድረጉ ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም እሱ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

የቀሩት ቅመሞች፣ ባጭሩ

ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ ጥሩ ማስረጃ አለው። ለደም ዝውውር ግን ያለው ደካማ ነው። ሚጥሚጣና በርበሬ ፊት የሚያቀሉት ቆዳን ስለሚያሞቁ ነው፣ ከምሳ በኋላ ያልፋል። እርድ ብቻውን ብዙም አይሰርግም፤ ቁንዶ በርበሬ ሲጨመርበት መስረጉ በጣም ይጨምራል። ወጥ ውስጥ ምንም አይልም። የተጠናከረው ካፕሱል ግን ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች አሉ። ጥቁር አዝሙድ በግፊት ላይ መጠነኛ ውጤት አሳይቷል፤ ዳቦው ላይ ይቀጥል። ሺፈራው ኮንሶዎች እንደ ጎመን የሚበሉት ምርጥ ቅጠል ነው፤ እንደ ምግብ ብሉት። ለደም ዝውውር ብሎ በውድ መግዛት ግን የሚደግፈው የሰው ጥናት ብዙ አይደለም። ጤና አዳም ቡና ላይ አንድ ቅርንጫፍ ምንም አይደል። ጨምቆ መጠጣት ግን፣ በተለይ ለእርጉዝ፣ አደገኛ ነው።

ከፋርማሲው መደርደሪያ

የዓሣ ዘይት ስትገዙ ፊት ለፊት የተጻፈውን «1000 ሚሊ ግራም» አትመኑት። ዕቃውን አዙሩት። በጀርባው በትንንሽ ፊደል ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 የሚል ታገኛላችሁ። የምትፈልጉት ኦሜጋ 3 የእነዚህ ድምር ነው፤ 300 ብቻ። የቀረው ተራ ዘይት ነው። ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ስብ ለማውረድ የሚያስፈልገው በቀን ከ2 እስከ 4 ግራም ስለሆነ፣ በዚህ ሒሳብ 2 ግራም ለመሙላት ብቻ ሰባት ፍሬ መዋጥ ሊኖርባችሁ ነው። ያን ያህል ከፍ ያለ መጠን ደግሞ የልብ ምት መዛባትን ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም እንጂ በራስ ግምት አይወሰድም።

ከካፕሱሉ ዓሣው ይሻላል እላለሁ። ግን የትኛው ዓሣ? ምሳ ቤት የምንበላው ቆሮሶ ኦሜጋ 3 እምብዛም የለውም። የሱፐርማርኬት ሰርዲን በዚህ ይበልጠዋል። ሌላም ነገር አለ፦ የአብዛኛው ለስላሳ ካፕሱል ሽፋን ጄላቲን ነው፣ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከዓሣ የሚሠራ። ለጿሚውም ለሙስሊሙም ጉዳይ ነውና ጀርባው ላይ ይነበብ።

ጊንኮ ቢሎባ ዋጋው ሰማይ የነካ፣ ስሙም የገነነ ነው። ከ3,000 በላይ አረጋውያን በቀን 240 ሚሊ ግራም ለዓመታት ወስደውት የመርሳት በሽታን እንዳልተከላከለ እ.ኤ.አ. በ2008 ታወቀ። ሲራመዱ ባት ለሚይዛቸው ሰዎችም የተሠሩት ጥናቶች ሲገመገሙ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልተገኘበትም። ብሩን ለሌላ አውሉት።

እግር ለሚያብጣቸውና የደም ሥራቸው ለወጣባቸው ግን አንድ እውነተኛ አማራጭ አለ፤ ሆርስ ቸስትነት የሚባል የውጭ ዛፍ ፍሬ ተጨማሪ። ኤስሲን የሚባለውን ንጥረ ነገር በቀን 100 ሚሊ ግራም የሚሰጠው ዝግጅት ለአጭር ጊዜ ሕመምንና እብጠትን እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ጥሬ ፍሬው መርዛማ ስለሆነ በፋብሪካ የተጣራው ብቻ ነው የሚወሰደው። ከእሱ እኩል የሚሠራው እግርን አጥብቆ የሚይዘው የሕክምና ካልሲ ነው። ቧንቧ የጠበበበት ሰው ግን ያን ካልሲ ሐኪም ሳያየው ቢያደርግ እግሩን ይጎዳል። መጀመሪያ ችግሩን ለዩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው «ሰርኩሌሽን» የሚል ብልቃጥ ደግሞ አለ። ጀርባውን ስታዩት ሚጥሚጣ፣ ጊንኮ፣ ናያሲን (ቫይታሚን ቢ3)፣ አርጂኒን (የፕሮቲን ንጥረ ነገር) አንድ ላይ ታጭቀው፣ የእያንዳንዱ መጠን ሳይጻፍ ጥቅል ድምር ብቻ ተቀምጦ ይገኛል። ከወሰዱት በኋላ ፊት የሚያቃጥልና የሚቀላው በናያሲኑ ነው። ብዙ ሰው «ደሜ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ» ይላል። የተሰማው የቆዳ መቅላት ነው። አርጂኒን ደግሞ ድንገተኛ የልብ ጥቃት ባገኛቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ በወሰዱት ላይ ሞት በመታየቱ ሙከራው እንዲቋረጥ ተደርጓል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ነው። ለእናት የሚላከው ዕቃ ውስጥ ይህ መኖሩን ልጆቿ ቢያውቁ ጥሩ ነው። አሜሪካም ብትሆን ሰፕሊመንት ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ተፈትኖ አይጸድቅም።

እዚህ አገር ስትገዙ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቦ የገባ መሆኑን ጠይቁ። የአምራቹ ስም፣ የባች ቁጥርና ማብቂያ ቀን የሌለበትን ዕቃ መንገድ ላይ ቢረክስም አትንኩት።

ከውድድሩ ውጭ የሚሆኑ

ደም እንዳይረጋ የሚታዘዘውን ዋርፋሪን የሚወስዱ፣ ለምሳሌ የልብ ቫልቭ የተቀየረላቸው፣ ከላይ ያሉትን በካፕሱል መልክ በራሳቸው መጀመር የለባቸውም። ነጭ ሽንኩርት፣ ጊንኮ፣ እርድ፣ አብሽ፣ የዓሣ ዘይት፣ ሁሉም መድማትን ሊጨምሩ ይችላሉ። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ለሚወስዱም ያው ነው። ወጥ ውስጥ ያለው ነጭ ሽንኩርት ችግር የለውም፤ የተጠናከረው ነው የሚያሳስበው። ጎመንም ቢሆን ለዋርፋሪን ተጠቃሚ ሳምንቱን እኩል እንዲሆን ነው የሚፈለገው፣ አንዴ በዝቶ አንዴ መጥፋቱ ምርመራውን ያዛባዋል።

ቀጠሮ ላይ የምትጠጡትን ሁሉ ተናገሩ። «ቅጠል ነው፣ ምን ያሳስባል» ብሎ መደበቅ ብዙ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለበሽታ ብቻ አይደለም።

እንዴት ይሞከር?

ሁለት ሦስት ነገር አብራችሁ አትጀምሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ግፊታችሁን ለተከታታይ ጥቂት ቀናት በተመሳሳይ ሰዓት፣ አምስት ደቂቃ አረፍ ብላችሁ ለኩ። ታክሲ አሳድዳችሁ እንደደረሳችሁ የሚለካ ግፊት አይታመንም። ከዚያ አንዱን መርጣችሁ ስድስት ሳምንት ያህል ቆዩበት፣ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ተዉት። የታዘዘ ክኒን ግን በተልባ አይተካም።

ሲሄዱ ባት ለሚይዛቸው ከሁሉም የተሻለው ደግሞ አይሸጥም። እስኪያም መራመድ፣ ቆም ማለት፣ ሲለቅ እንደገና መቀጠል፤ በቀን ከ30 ደቂቃ ጀምሮ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ለሦስት ወር። ሐኪሞች ራሳቸው በመጀመሪያ ደረጃ የሚያዙት ይህን ነው። በኮሪደር ልማቱ የሰፋው ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለው የእግረኛ መንገድ ለዚህ ይመቻል፤ ማረፊያ ወንበር አለው፣ እንደ ቸርችልም አያስጨንቅም። የሚያጨስ ሰው ካልተወ ግን መንገዱም ተልባውም ብዙ አይረዱትም። ጫትም ግፊት ከፍ ያደርጋል።

ቀዶ ሕክምና ወይም ጥርስ ማስነቀል የተቀጠራችሁ ከሆነ ነጭ ሽንኩርት ክኒን፣ ጊንኮና የዓሣ ዘይት የምትወስዱ መሆናችሁን ቀድማችሁ ለሐኪሙ ተናገሩ። ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲቆም ይደረጋል። የታዘዘላችሁን አስፕሪን ግን ሐኪሙ ሳይላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ።